እመት አንጓች ከወንዙ ወዲህ

መርዶው የደረሰኝ በእሑድ ቀን ከቅዳሴ መልስ ነው። ጂማ በምንኖርበት ግቢ በር ላይ አንድ ሰው ጋቢውን አጣፍቶ፣ ዱላውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀምጦ አገኘሁት። ምስጋናው ነበር። ምስጋናው የአገሬ የስማዳ ሰው ነው፤ በየዓመቱ ለቡና ለቀማ ወደ ከፋ ይወርዳል። ባለቤቴ በመንግሥት ሥራ ተዛውሮ እዚህ ካመጣኝ ወዲህ የትውልድ መንደሬን የወገዳን ወሬ የምሰማው ከእርሱ አፍ ነው፤ ማን ዳረ፣ ማን ተካሰሰ፣ የማን በሬ ገደል ገባ። ገና ከሩቁ ማውራት የሚጀምር ሰው ያን ቀን ዝም ብሎ ተነሥቶ ሳመኝ።

ውኃ ለመነኝ፤ በጣሳ ቀድቼ ሰጠሁት። ተቀብሎ ወደ አፉ ሳያስጠጋ ቁልቁል ያየው ጀመር።

«ምነው፣ ጉድፍ አለው እንዴ?» አልሁት።

«የለውም እቴ። እመት አንጓች ትዝ ብለውኝ ነው።»

«ደኅና ናቸው?»

«ነፍስ ይማር በይ።»

አማተብሁ። ዕድሜያቸው መግፋቱን ስለማውቅ ብዙ አልደነገጥሁም። «እንግዲህ ዕድሜ ጠግበው ነው፤ እግዚአብሔር በአብርሃም አጠገብ...» ማለት ስጀምር ጣሳውን መሬት አስቀመጠና አቋረጠኝ።

«ውኃ ጠልተው ነው የሞቱት» አለኝ።

በእኛ አገር ይህን ቃል የሰማ ሰው ሁለተኛ አይጠይቅም። ያበደ ውሻ የነከሰው ሰው አሟሟት ነው። ጉሮሮው ይዘጋል፤ ጥም ያቃጥለዋል፤ ውኃ ሲያሳዩት ግን ይንቀጠቀጣል። በመጨረሻ የገዛ ወገኑ ምሰሶ ላይ ያስረዋል። ምስጋናውን የማምነው ሰው ነው፤ ያን ዕለት ግን አላመንሁትም። እኔ ባደግሁበት አገር ሰው ሁሉ ከዚህ በሽታ ሲሸሽ የሚደርሰው እመት አንጓች ደጅ ነበረና።

ጎረቤታችን ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ከወገዳ ገበያ በታች፣ ወደ ወንዙ በሚወርደው መንገድ አፋፍ ላይ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ረዥም፣ ቀጭን፣ ጥቁር ሻሽ ከራሳቸው የማይወርድ ሴት ናቸው። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፤ ሲቆጡ ደግሞ የባሰ ዝቅ ይላልና የሚፈራቸው ሰው ጆሮውን አቅንቶ ነው የሚፈራቸው። ቀኝ ክንዳቸው ከእጅ አንጓው እስከ ክርኑ የጥርስ ጠባሳ ነው። ልጆች ሆነን ጎናቸው ተቀምጠን ልንቆጥረው ስንጀምር እጅጌያቸውን ይጎትቱና «ተዉ፤ ጠባሳ ሲቆጥሩት ይጨምራል» ይሉናል።

ሥራቸው ውሻና ድመት ማከም ነበር። ይህን ስናገር የጂማ ጎረቤቶቼ ይስቃሉ። ስማዳ ግን ያለ ውሻ ማን ይተኛል? ጅቡ አለ፤ ቀበሮው አለ፤ እሸት ሲደርስ ዝንጀሮው አለ። ድመት ከሌለ አይጥ ጎተራ ያራቁታል፤ በቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤትም ብራና ይበላል። ሆኖም ውሻ ርኩስ ነውና እጁን አውጥቶ የሚነካው ሰው ጥቂት ነው። ውሻ የላሰው ሰው የዚያን ዕለት ቤተ መቅደስ አይገባም። እመት አንጓች በዚህ ምክንያት ብዙውን ዘመናቸውን ያስቀደሱት ከቅጽሩ ውጭ፣ ከድንጋዩ ካብ ሥር ቆመው ነው። አንዳንዶች «ጸሎት ከሌለው ሥራ ጸሎት ያለው ድህነት ይሻላል» እያሉ ያሟቸው ነበር። እርሳቸው መልሳቸው አጭር ነው፤ «ውሻ ገነት አይገባም፤ ሰው ግን በውሻው ይጠየቃል።»

ውሻው የታመመበት ሰው ሦስት ደጅ ነበረው። አንደኛው ከብት ሊከትብ ከደብረ ታቦር የሚመጣው የመንግሥት ሰው ነው፤ «ባለመርፌው» እንለዋለን። የታዘዘው ለቀንድ ከብት ስለሆነ ውሻ ሲያመጡለት «ቀንድ ሲያበቅል አምጡት» እያለ ያሾፋል። ሁለተኛው የታችኛው ሰፈር አያ ገበየሁ ነው፤ ደዌ ሁሉ በጋለ ብረት ይወጣል ባይ ነው። ሦስተኛው የእመት አንጓች ደጅ ነው።

የእኛ ውሻ «ማን አለብኝ» ይባል ነበር። አንድ ጊዜ ምግብ እምቢ አለ፤ አንገቱን አቀርቅሮ፣ ምራቁን እያዝረበረበ አጥር ሥር ተወሸቀ። አባቴና እናቴ የት ይወሰድ በሚል ተከራከሩ።

«ገበየሁ ዘንድ ልውሰደው» አለ አባቴ።

«ውሰደው፤ ጠብሶ ይመልስልሃል።»

«ብረት እኮ ፈጣን ነው።»

«እንዴታ! የጎረቤቱን ውሻ አምና ፈጥኖ ገላግሎት የለ?»

«አንጓች ዘንድ ብወስደውስ? ‹የእኔ ደጅ አይደለም› ያሉኝ እንደሆነ?»

የክርክሩ ነገር ሁሉ ያች ቃል ነበረች። እመት አንጓች ስለ ባለመድኃኒት አመራረጥ ሲጠየቁ «‹አላውቅም› ሲል ሰምታችሁት የማታውቁትን ፍሩት» ይሉ ነበር። እርሳቸው የማይችሉት ሲመጣ ይናገራሉ። የሚናገሩት ግን እንዲህ ብለው ነው፤ «ይህ የእኔ ደጅ አይደለም።» ይህን ያሉት እንስሳ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይገደላል። የነከሰው ሰው ካለ ደግሞ ያን ሰው መንደሩ ሁሉ በዓይኑ ይከታተለዋል። ስለዚህ ሰው ወደ አያ ገበየሁ ብረት የሚሄደው ብረቱን አምኖ ሳይሆን ያችን ቃል ፈርቶ ነበር።

እናቴ አሸነፈች፤ ወደ እመት አንጓች ሄድን። አባቴ ውሻውን በጠፍር እየሳበ፣ እኔ ከኋላ። ከአጥሩ ውጭ አስቆሙን። ስለ ሕመሙ አልጠየቁም።

«ማንን ነክሷል?» አሉ።

«ማንንም» አለ አባቴ።

«ማንን ልሷል?»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። እርሳቸውም ዞሩ። ያን አተያይ እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ የቁጣም የርኅራኄም አልነበረም። ሬሳ የሚገንዝ ሰው ቁመት ሲለካ የሚያይበት ዓይን ነበር።

ከዚያ ጎድጓዳ ገበቴ ውስጥ ውኃ ጨመሩና በረዥም እንጨት እየገፉ ወደ ውሻው አስጠጉት። የእርሳቸው መፈተኛ ይህ ነበር። ያበደ ውሻ ውኃ አይጠጣም፤ የጠጣውን ያስገባሉ፤ ያልጠጣውን አያስገቡም። ውሻችን ገበቴውን አየ። አልቀረበም። አባቴ «ጠጣ አንተ» ሊል ሲጀምር በእጃቸው ዝም አሰኙት። የወንዙ ድምፅ ከታች ይሰማ ነበር። እኔ በልቤ አቡነ ዘበሰማያት ጀምሬ መካከል ላይ ጠፋብኝ፤ እንደገና ጀመርሁ፤ እንደገና ጠፋብኝ። በመጨረሻ ውሻው እያነከሰ መጣና ምላሱን አወጣ። ጠጣ። በአንድ በኩል እያፈሰሰ፣ እያቃሰተ ጠጣ።

እመት አንጓች ወዲያው ሌላ ሴት ሆኑ። አጥሩን ከፈቱ፤ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

«ስሙ ማን ነው?»

«ማን አለብኝ» አልሁ።

«እኔ አለሁብሃ!» ብለው ጆሮውን ያዙት። አባቴ ከመሣቁ የተነሣ ጠፍሩን ለቀቀው።

መንጋጋው ሥር ጅብ ወይም ሌላ ውሻ የነከሰው ቁስል መግል ቋጥሮ ነበር። አፈረጡት፤ በጨው ውኃ አጠቡት፤ ቅቤ ቀቡት። ሰነበተና ዳነ። እኔን ግን ሲሸኙኝ አገጬን ይዘው «ሁለተኛ ምላሱን አታስነኪ። ዛሬ የተረፍሽው ስለጠጣ ነው» አሉኝ።

በድመት ላይ ሌላ ሰው ነበሩ። ድመት ንጹሕ ናት፤ ከሰው ማዕድ ቀርባ ትበላለች፣ ጭን ላይ ትተኛለች፣ ዕቃ ቤት ትገባለች። ለድመት ገበቴ አያቀርቡም። «ድመት ሰው እያያት አትጠጣም፤ ኩሩ ናት፤ ኩሩን በውኃ አትፈትኑም» ይላሉ። ድመት ሲያመጡላቸው በቀጥታ ተቀብለው ጭናቸው ላይ ያስቀምጡና በባዶ እጃቸው አፏን ይከፍታሉ። አጥንት የወጋት ድመት ስትመጣ ሌባ ጣታቸውን እስከ ጉሮሮዋ ሰድደው ያወጡላት ነበር። ይህን ሲያደርጉ ያየ ሁሉ ያደንቃቸዋል። ማንም ግን፣ እኔም ጭምር፣ ከውሻው የሚሸሽ እጅ ከድመቷ ለምን እንደማይሸሽ አልጠየቀም።

አሁን ወደ ወንዙ ልምጣ። በእኛ አገር ያበደ ውሻ የነከሰው ሰው አርባ ቀን ወንዝ አይሻገርም። ውኃ የተሻገረ እንደሆነ መርዙ ይነሣበታል ይባላል። ይህ ሕግ የእመት አንጓች ሥሪት አይደለም፤ ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ነው። ሌላው ሰው ግን ይናገረዋል እንጂ አይጠብቀውም ነበር። እርሳቸው ጠበቁት። ለተነከሰው ሰው ሥር ወቅጠው በባዶ ሆዱ ያጠጡታል፤ ከዚያ መልካው ላይ፣ ማለት ወንዙ በሚሻገርበት ቦታ፣ ሰው ያቆሙበታል። ሰው ካልተገኘ ራሳቸው ይቀመጣሉ።

ደሴን ያስቀሩት እንዲህ ነው። ደሴ የጎረቤታችን ልጅ ነው፤ ሠርጉ ሊደርስ ሲል መንገድ አላፊ ውሻ ባቱን ነከሰው። ውሻውን ሁለት ሰዎች ከግራና ከቀኝ በገመድ ወጥረው እመት አንጓች ደጅ አመጡት። ገበቴው ቀረበ። ውሻው ጥርሱን ገበቴው ጠርዝ ላይ ነክሶ ቀረ እንጂ አልጠጣም። «ይህ የእኔ ደጅ አይደለም» አሉ። ያን ቃል በጆሮዬ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። የሰማ ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ተራመደ፤ ደሴ ግን ወዴት ይራመድ? ባቱን በእጁ ሸፍኖ ቆመ።

የሙሽራዋ አገር ከወንዙ ማዶ ነበር። የሠርጉ ቀን ሚዜዎቹ እየዘፈኑ ሲወርዱ እመት አንጓች መልካው አፍ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። በጋ ነበርና ውኃው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም። እኛ ልጆቹ ከሠርገኛው ኋላ ተከትለን ነበር።

«እመት፣ ሙሽራ ይለፍ!» አሉ ሚዜዎቹ።

«ይለፍ። ሬሳም በዚሁ መንገድ ነው የሚያልፈው።»

«ሴት ወንድ ስታስቀር ዛሬ ገና አየን!»

«እናትህ አባትህን ከዘመቻ ያስቀረችው ለት አልተወለድህማ» አሉት። ሠርገኛው ሁሉ ሣቀ፤ ሚዜው አፈረ።

ደሴ ከበቅሎው ወረደና አጠገባቸው ተንበረከከ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር፤ ሰው ግን ዝም ስላለ ሰማነው።

«እመቴ፣ የልጅቱ አባት ኩሩ ነው። ዛሬ ካልደረስሁ ለሌላ ይድራታል።»

«ይዳራት። አንተን ለአፈር ከምድርህ እርሷን ለሌላ ይዳራት።»

«ውኃው እኮ እግር እንኳ አያርስም!»

«ደሴ፣ እኔ ልጅ አልወለድሁም። አንተ ስትወለድ ግን እትብትህን የያዝሁት እኔ ነኝ። ሂድ ካልህ ሬሳዬን ተራምደህ ሂድ።»

ተመለሰ። ሙሽራዋ ለሌላ ተዳረች፤ አባቷም «ውሻ ላስቀረው ወንድ የምሰጠው ልጅ የለኝም» ብሎ ላከ፤ አገር ሣቀበት። ደሴ ግን ዳነ። ሌላ አገባ፤ ወለደ፤ ከበረ። ሠርጉ በቀረበት ዓመት ክረምት ግን ሌላ የተነከሰ ሰው ምክር አልሰማ ብሎ የወንድሙን ለቅሶ ለመድረስ ወንዙን ተሻገረ፤ ጥቂት ወር ቆይቶ ውኃ ጠልቶ ሞተ። ከዚያ ወዲያ የሚከራከር ጠፋ። የእመት አንጓች ቃል ከአዋጅ በላይ ሆነ። የተነከሰ ሰው ገና ቁስሉ ሳይደርቅ «ወንዙን! ወንዙን ጠብቁት!» ይባላል። እርሳቸውም ስለ መድኃኒቱ፣ ስለ ቁስሉ፣ ስለ ሌላው ሁሉ «አላውቅም» ሲሉ ሰምቻለሁ። ስለ ወንዙ ግን አንድም ቀን አልሰማሁም።

እኔ ተድሬ ከወጣሁ በኋላ ያየኋቸው አንድ ጊዜ፣ አባቴን ልቀብር የሄድሁ ጊዜ ነው። ከቅጽሩ ውጭ ቆመው አገኘኋቸው። «እስቲ አንቺ ግቢና ስለ እኔም ተሳለሚልኝ፤ ዛሬ ሦስት ውሻ ነክቻለሁ» አሉኝ። ገብቼ ተሳለምሁላቸው። ስወጣ እዚያው ነበሩ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እጃቸውን ከካቡ ላይ አሳርፈው።

ምስጋናው የነገረኝ ከዚህ ወዲያ ያለው ነው። ጣሳውን ሳይነካው ነው የነገረኝ።

ባለፈው ግንቦት የቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ድመት ታመመች። መምሬ ውቤ፣ የዕቃ ቤቱ ጠባቂ፣ በጋቢያቸው ሥር ሸሽገው አመጧት።

«አጥንት ወግቷታል መሰለኝ። አፏን ከፍታ ትቀራለች፤ ለሃጯ ይወርዳል፤ መዋጥ አልቻለችም» አሉ።

«አምጧት መምሬ» አሉ እመት አንጓች።

ጭናቸው ላይ አስቀመጧት፤ አፏን ከፈቱ፤ እንደ ልማዳቸው ጣታቸውን ሰደዱ። አጥንት አልነበረም። ድመቷ አውራ ጣታቸውን ነክሳ ያዘች፤ መምሬ ውቤ መንጋጋዋን በጩቤ እጀታ ፈልቅቀው ነው ያላቀቋት። በማግሥቱ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ከብራናዎቹ ሥር ሞታ ተገኘች። ከመሞቷ በፊት ያየች ሴት፣ ድመቷ የራሷን ጥላ ትነክስ ነበር ብላለች።

ባለመርፌው በዚያ ሳምንት ለክትባት ወገዳ ነበር። ሰምቶ መጣ። ምስጋናው በሬውን ሊያስከትብ ሄዶ ስለነበር አብሮት ገባ። ያን ዕለት ሰውዬው አላሾፈም ነው ያለኝ።

«እማማ፣ ይህ የቀልድ ነገር አይደለም። ዛሬውኑ ደብረ ታቦር ይሂዱ። ለሰው የሚሆነው መርፌ እዚያ ከታጣ ጎንደር አይታጣም። በቅሎዬን እሰጥዎታለሁ።»

«ወንዝ ልታሻግረኝ?» ብለው ሣቁ።

«መርፌው ወዲህ ቢኖር ወዲህ ባስወጋሁዎት። ማዶ ከሆነ እኔ ምን ላድርግ?»

«ልጄ፣ እኔ ደሴን ከሠርጉ ያስቀረሁ ሴት ነኝ። እኔ ብሻገር ይህ ሕዝብ ምን ይለኛል?»

«ምን እንደሚልዎት አላውቅም። ካልተሻገሩ ግን ምን እንደሚሆኑ አውቃለሁ» አላቸው።

ያንኑ ለተነከሰ ሰው የሚሰጡትን ሥር ወቅጠው ጠጡ። ምስጋናው፣ እርሳቸው አውራ ጣታቸውን በሌላው እጃቸው ጨብጠው፣ ደጁ ላይ ያለውን ገበቴ ሲያዩ ትቷቸው ወጣ።

ባለመርፌው ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ በቅሎዋን ትቶላቸው ሄደ። ጥቂት ቀን አለፈ። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ምስጋናው ከወንዙ ዳር እንጨት ቆርጦ ሲመለስ፣ እመት አንጓችን በዚያች በቅሎ ላይ ተቀምጠው፣ ነጠላቸውን በፊታቸው ላይ ሸፍነው አገኛቸው። ከመልካው ወደ መንደሩ እየወጡ ነው። ስንቅ የቋጠሩበት አቁማዳ ከኮርቻው ላይ ታስሯል። አምስት ስድስት ሰው ከኋላ ይከተላል። ልጓሙን የያዘው ደሴ ነው።

«ይመራት ነበር ወይስ ይጎትታት ነበር?» አልሁት።

«አልለየሁም እቴ። በቅሎ ስትመራም ስትጎተትም አንድ ነው የምትሄደው።»

«እርሳቸውስ ምን አሉ?»

«ምንም። እኔ ‹እንዴት ዋሉ እመት› አልኋቸው። ነጠላቸውን አላነሡም።»

በወገዳ አሁን ሁለት ወሬ አለ። አንዱ ወሬ እመት አንጓች እስከ ውኃው አፍ ደርሰው፣ አይተው፣ ቃላቸውን አላፈርስም ብለው በፈቃዳቸው ተመለሱ ይላል። ሌላው ወሬ ሊሻገሩ ነበር፤ በቅሎዋ የፊት እግሯን ከውኃው አግብታ ነበር፤ መልካው ላይ የነበረው ሰው ግን «እርስዎ አይደሉም ወይ ያስተማሩን! ሲሞቱ እያየን አናሻግርዎትም!» ብሎ አልቅሶ መለሳቸው ይላል። ሁለቱንም የሚያወራው እዚያ ያልነበረ ሰው ነው። እዚያ የነበሩት ዝም ብለዋል።

ሕመሙ የተነሣባቸው ሐምሌ ላይ ነው። በመጀመሪያ ጣታቸው አሳከካቸው፤ ቀጥሎ እንቅልፍ አጡ፤ ቀጥሎ ውኃ ጠሉ። ክረምት መሆኑን አስቡት። በእኛ አገር ሐምሌ ዝናም አያቋርጥም፤ ከክዳኑ ይንጠባጠባል፣ በደጁ ይጎርፋል፣ ከታች ወንዙ ሞልቶ ሌት ተቀን ያጓራል። ውኃ የጠላ ሰው በሐምሌ ወዴት ይሸሻል? ጎረቤቶች በራቸውንና ስንጥቁን በጨርቅ ደፈኑላቸው አለኝ። ታስረው እንደሆነ ጠየቅሁት። «ቤት አልገባሁም» አለኝ። «ገበቴውን ግን ሰው ደጅ ላይ አፉን ደፍቶት አይቻለሁ።»

ይህን ሁሉ ሰምቼ ብዙ ሳምንት ዝም ብዬ ነበር። ለነፍሳቸው የሚገባውን እዚሁ በመድኃኔ ዓለም አድርጌያለሁ፤ በስመ ክርስትናቸው ጸሎት ተደርጎላቸዋል። የሞተን ሰው ማወክ ኃጢአት ነው፤ በሰው ሐዘን ላይ መጠየቅም ነውር ነው። ዝም ብል በወደድሁ ነበር።

ዝም ያላስባለኝ ምስጋናው ለቀማውን ጨርሶ ወደ አገር ሊመለስ ሲነሣ የተናገረው ነው። እርሱ ከአገር ሊወጣ ሲሰናዳ ከታችኛው ሰፈር አንዲት ልጅ ውሻ ነክሷት ነበር። አባቷ ደብረ ታቦር ሊወስዳት ልጓም ሲያነሣ መንደሩ ተሰብስቦ «እመት አንጓች እንኳ ለራሳቸው አልተሻገሩም! አንተ ከእርሳቸው ትበልጣለህ?» አለው። አባትየው ልጓሙን መልሶ ሰቀለ። ልጅቱ ከዚያ ምን እንደደረሰች ምስጋናው አያውቅም፤ ጉዞው ቀድሞታል።

እዚህ ከተማ ሐኪም ቤት የሚሠራ የጎረቤቴ ልጅ አለ፤ ሄጄ ጠየቅሁት። መርፌው የሚያድነው ሕመሙ ሳይነሣ የተወጉት እንደሆነ ነው፤ ከተነሣ ወዲያ ምንም አይረዳም አለኝ። ስለ ወንዙ ስነግረው ወንዝ መሻገር ሰው ገደለ ሲባል ሰምቶ እንደማያውቅ ነገረኝ። ይህን በምስጋናው አፍ ላክሁ። የሚመለስልኝን መልስ ግን ከአሁኑ አውቀዋለሁ። እናንተ የወገዳ ሰዎች፣ «ከአገር የወጣች ሴት፣ የከተማ ሐኪም የሰበካት» ትሉኛላችሁ። ባለመርፌውንም «መንግሥት የላከው ነው» ትሉታላችሁ። በስማዳ በዚህ ነገር ላይ ቃሉ የሚሰማ አንድ ሰው ነበር፤ እርሳቸውም አፈር ለብሰዋል። የመጨረሻው ቃላቸው የቀረው ያን ቀን መልካው ላይ በነበራችሁት ሰዎች ዘንድ ነው።

ስለዚህ ያን ቀን መልካው ላይ የነበራችሁ ሁሉ፣ ደሴ ወንድሜ፣ አንተም ጭምር፣ ስለ እግዚአብሔር ብዬ እለምናችኋለሁ። ፍርድ አልጠይቅም። የመለሳቸውም ሰው ካለ በፍቅር እንደመለሳቸው አውቃለሁ፤ እኔም እዚያ ብሆን ልጓሙን ከመያዝ እጄን አልሰበስብም ነበር ይሆናል። በፈቃዳቸው ተመልሰው እንደሆነ ይህንኑ ንገሩን፤ እናርፋለን። ልሻገር ብለው እንደሆነ ግን፣ በቅሎዋ እግሯን ከውኃው አግብታ እንደሆነ፣ ያን ጊዜ እመት አንጓች ሕጋቸውን በገዛ አፋቸው ሽረዋል ማለት ነው፤ በእርሳቸው ስም ልጅን ከወንዝ ወዲህ የሚያስቀር ሰው በሐሰት ያስቀራል ማለት ነው። ለካህን በኑዛዜ ነግራችሁት እንደሆነ ከኑዛዜው ወጥታችሁ ለሰው ተናገሩት። ለእኔ አትላኩልኝ፤ እኔ ሩቅ ነኝ። ለዚያች ልጅ አባት ዛሬውኑ ንገሩት።